በሰው ተራ

«አበሏን ልትለቅም ነው እንጂ ሌላ ምን ያመጣታል!» አለች ሰናይት፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ኮምፔርሳቶ ደግሞ ምስጢር አይችልም። ታንጉ በወዲያኛው በኩል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ በጋቢ እየተከላከለች፣ ጫማዋን በእግሯ ጣቶች ስትፈልግ ነበር። ቆም ብላ ጆሮዋን ቀሰረች። ወንድሟ ፍቅሩ ለሚስቱ ምን ይመልስ ይሆን? ፍቅሩ ሳለ። ቀጥሎ የጫማ ክር የሚያስር ሰው ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያ የውጭው በር ተከፍቶ ተዘጋ። ጋራዥ የሚሠራ ሰው ጠዋት ለክርክር ጊዜ የለውም፤ በእህትና በሚስት መካከል ለመግባት ደግሞ ማታም የለውም።

እውነቱን ለመናገር የሰናይት ግምት ከሜዳ የመጣ አይደለም። በዚህ አገር የጤና ባለሙያ «ሥልጠና ልሄድ ነው» ሲል ምን ልትማር ነው ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ስንት ቀን ነው፣ አበሉስ ስንት ነው ይባላል እንጂ። ታንጉን ግን ለዚህኛው ሥልጠና ማንም አልጠራትም። የዓመት ፈቃዷን ቆርጣ፣ ከጎረቤላ በሚነሣው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ከአንድ ኩንታል ገብስ ጋር ተጣብቃ፣ በገዛ ኪሷ ነው የመጣችው። በሩን ከፍታ ይህንኑ ብትናገር ሰናይት ምላሷን ትነክስ ነበር። አልከፈተችም። ብትናገር «ታዲያ ለምን መጣሽ?» የሚል ጥያቄ ይከተላልና። የጥያቄው መልስ ደግሞ እዚያው ክፍል፣ ከሷ አልጋ ትይዩ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ ወይም የተኛች መስላለች።

አዲስዓለም ናት፤ የፍቅሩና የሰናይት የመጀመሪያ ልጅ። ባሏ ደብረ ሲና የከባድ መኪና መካኒክ ነው፤ እሷ ባለፈው ጥር የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል፣ ሆስፒታሉ ከወላጆቿ ቤት በባጃጅ የሚደረስበት ሆኖ ሳለ፣ «ከእትዬ እጅ ሌላ ሰው እጅ ላይ አልወልድም» ብላ፣ ታንጉ አዋላጅ ሆና ወደምትሠራበት፣ ከጎረቤላ ወረድ ብሎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደች። ምጡ ደግ ነበር። ልጁ ግን ዝልፍልፍ ብሎ፣ ጠቁሮ፣ ሳያለቅስ ወጣ። ታንጉ በወጣትነቷ የተማረችውን ሁሉ አደረገች። በእግሩ ዘቅዝቃ ያዘችው፤ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፤ አፉን በመምጠጫ ደጋግማ መጠጠች። በመጨረሻም ከመደርደሪያው ላይ ሳይነካ የኖረውን አምቡ ባግ፣ ያን በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን የላስቲክ ፊኛ፣ አውርዳ ፊቱ ላይ ደፋችው። አየሩ በልጁ ጉንጭ በኩል ሽው እያለ አመለጠ እንጂ ደረቱ አልተነሣም። ስትጀምር ልቡ ይመታ ነበር፤ እትብቱን በሁለት ጣቷ ይዛ ሰምታዋለች። ስትጨርስ አይመታም ነበር።

ሁሉም «የእግዜር ሥራ ነው» አሉ። ፍቅሩም አለ፣ ሰናይትም አለች፣ የጤና ጣቢያው ሰውም አለ። አንድም ሰው በታንጉ ላይ ጣቱን አልቀሰረም፤ እሷ ግን አንድ ሰው ቢቀስርባት በወደደች። አዲስዓለም ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ለአክስቷ የምትሰጣት ደህና አደርሽና ደህና አምሺ ብቻ ነው። ታንጉም ከዚያ ወዲህ ሴት ባዋለደች ቁጥር፣ ሕፃኑ እስኪያለቅስ ድረስ የገዛ ትንፋሿን ትይዛለች። አሁን የመጣችው ሁለት ነገር ፈልጋ ነው። የሚያውቅ እጅ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ይተርፍ ነበር ወይ? ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ያንኑ እጅ ማግኘት ነው።

ለምን እንዳልተጠራች መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ ያስቃልም ያናድዳልም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሥልጠና የሚታደለው በተራ ነው። ይህን ሥርዓት ያመጡት ኃላፊው አቶ ወልደአረጋይ ክፉ ሰው አይደሉም። ከሳቸው በፊት የነበረው ኃላፊ ሥልጠና በመጣ ቁጥር አንዴ ራሱን፣ አንዴ የሚስቱን እህት እየላከ ሠራተኛውን ሲያንገበግብ ስለኖረ፣ እሳቸው ሲሾሙ «ከእንግዲህ ማንም ከማንም አይበልጥም፣ ተራ ተራ ነው» አሉ። ሠራተኛው አጨበጨበ። ታንጉም አጨብጭባለች። ችግሩ ሥልጠናው ራሱ ተራ አለማወቁ ነው። አምና የታንጉ ተራ ሲደርስ የመጣው ስለ አክታ ናሙና አያያዝ ሆነና፣ አክታ ተቀብላ የማታውቀው አዋላጅ ስለ አክታ ተምራ፣ ሰርተፊኬቷን ይዛ ተመለሰች። ዘንድሮ አልተነፍስ ያለ ሕፃን እንዴት እንደሚረዳ የሚያስተምረው ሲመጣ፣ ተራው የፋርማሲው ባለሙያ የኪዳነወልድ ሆነ። ኪዳነወልድ ምጥ የያዛት ሴት በፊቱ ካለፈች የፋርማሲውን መስኮት የሚዘጋ ሰው ነው። ታንጉ ቢሮ ገብታ ለመነች። «ሲስተር፣ ልክ ነሽ» አሉ አቶ ወልደአረጋይ ግንባራቸውን እያሻሹ፤ «ግን ዛሬ ላንቺ ተራውን ብሰብር ነገ ሌላው ሲመጣ ምን እላለሁ?» እሷም ብዙ አልተከራከረችም፤ የፈቃድ መጠየቂያውን እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ሞላች።

ሰናይት ሻይና ዳቦ አቀረበችላት። ከግድግዳው ወዲያ የተናገረው አፍና አሁን «እትዬ፣ ብርዱ አልጎዳሽም? ጨምሪ እንጂ፣ ምነው ቆጠብሽ?» የሚለው አፍ አንድ መሆኑን ለማመን ይከብድ ነበር። ታንጉ በላች፣ መረቀች፣ ሃያ ብር ከፍላ በባጃጅ ሥልጠናው ወዳለበት ሆቴል ሄደች። አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው። ወንበሮቹ ነጭ ሽፋን ለብሰዋል፤ በየጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃና የፕላስቲክ አበባ አለ። በሩ ላይ ባጅ ያንጠለጠለው አስተባባሪ ገብረአማኑኤል ስሞችን በጣቱ እየተከተለ ወረደ፣ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ። «ስምዎት የለም እናቴ» አላት በትሕትና። ከጤና ጣቢያዋ የተጠራው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን፣ ሻዩም ምሳውም በሰው ልክ መታዘዙን፣ መለማመጃዎቹ የሕፃን አሻንጉሊቶችም ለአራት ሰው አንድ እንደሆኑ አስረዳት። ታንጉ አልሄደችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ኪዳነወልድ ከውስጥ አያት። አይቶም አንገቱን ደፋ። ከዚያ ስትወጣ የታየችው አሠልጣኟ ነበረች፤ ሲስተር ነሲባ፣ የአልዩ አምባ ልጅ፣ ሂጃቧን በመርፌ ቁልፍ አጥብቃ ያሰረች፣ ዕድሜዋ ከአዲስዓለም እምብዛም የማይበልጥ። ምን እንደሆነ ጠየቀች።

«ሰርተፊኬቱም፣ አበሉም፣ ለሙያ ፈቃድ ማደሻ የሚቆጠረው ነጥብም ይቅርብኝ» አለች ታንጉ። «ሻዩንም አልጠጣም። አሻንጉሊቱን መንካት ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ሙያዎ ምንድን ነው?»

«አዋላጅ ነኝ። አንቺ ልጅ ሳለሽ ጀምሮ።»

ነሲባ ወደ አዳራሹ ዞረች። «እስቲ፣ እዚህ ካላችሁት የምታዋልዱ እጃችሁን አውጡ» አለች። የወጣው እጅ ከግማሽ በታች ነበር። ከቀሩት መካከል አንዱ የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ አንዷ ካርድ ክፍል የምትሠራ፣ አንዱ ደግሞ የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ለካስ ተራ የሚያድሉት አቶ ወልደአረጋይ ብቻ አልነበሩም። አዳራሹ ሳቅ አለ፤ ነሲባ ግን አልሳቀችም። «ይግቡ» አለች። ገብረአማኑኤል ስለ አሻንጉሊቱ ሊናገር አፉን ሲከፍት ኪዳነወልድ ከወንበሩ ተነሣ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «የኔን ተራ ለሲስተር ታንጉ ሰጥቻለሁ» አለ። «አሻንጉሊቱ በደረሰኝ ቁጥር እሷ ትሥራ። እኔ ሰዓት እይዝላታለሁ።» ይህ ሰው በሕይወቱ በሰው ፊት ቆሞ ከተናገራቸው ንግግሮች ይህ ረጅሙ ሳይሆን አይቀርም።

አሻንጉሊቱ ውስጡ ውሃ ተሞልቶበት የእውነተኛ ሕፃን ክብደት አለው። ታንጉ ስታነሣው ራሱ ወደ ኋላ ዘንበል አለ፣ ክንዶቹ በሁለቱም በኩል ወደቁ፤ ልክ እንደዚያ ልጅ። ቢሆንም ያዘችው። ኪዳነወልድ በስልኩ ሰዓቱን አስጀመረ። እጇ ሳታዘው እግሩን ያዘ፣ ዘቀዘቀው፣ ሌላው እጇ ጀርባውን ሊመታ ተነሣ። ነሲባ ቀለብ አደረገችው። «ሲስተር፣ አይመታም» አለች በቀስታ። «አይዘቀዘቅም። አድርቀው በጨርቅ ይጥረጉት፣ ጀርባውን ያሹት። ካልተነፈሰ ወዲያው አየር ነው። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳታልቅ።» ታንጉ እንደገና ጀመረች። ጠረገች፣ አሸች፣ መምጠጫውን አነሣች፣ መጠጠች፣ አሁንም መጠጠች። «ደቂቃዋ አለቀች» አለ ኪዳነወልድ፣ ሞት የሚያረዳ ያህል ከብዶት።

እንዲህ እያለ ረፋዱ ሄደ። የሰው እጅ ከሰውየው ይልቅ ግትር ነው፤ ታንጉ ነገሩን በጆሮዋ ወዲያው ተረድታዋለች፣ እጇ ግን የድሮ አስተማሪዋን አልከዳም አለ። ፊኛውን ስትጨምቅ አየሩ ያን የምታውቀውን ድምፅ እያሰማ በጉንጩ በኩል ይወጣል። አንገቱን ታቀናለች፣ አብዝታ ትለጥጠዋለች፤ ትመልሰዋለች፣ አገጩ ደረቱ ላይ ይደፋል። በቡድኗ ውስጥ የነበረችው ይርጋለም፣ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች በሰፈሩበት መጠለያ የምትሠራ ነርስ፣ «አይዞሽ፣ እኔም ስጀምር እንዲሁ ነበርኩ» አለቻት። ወጣቶቹ በሁለትና በሦስት ሙከራ እየቻሉት ይቀመጣሉ። በዚህ ዕድሜ፣ ልጆቿ ሊሆኑ በሚችሉ ሰዎች ፊት፣ ለዓመታት የኖረችበትን ሙያ እንደ ፊደል ቆጣሪ ሀ ብሎ መጀመር ምን ያህል እንደሚያሳፍር የሞከረው ያውቀዋል። ብዙው ሰው እዚህ ላይ «ይሄ የዛሬ ልጆች ነገር ነው» ብሎ፣ ተቀምጦ፣ ሻዩን ይጠጣል። ታንጉ ሻዩም አልነበራትም፤ ቢኖራትም አትቀመጥም ነበር። ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «እንደገና» ትላለች።

ለምሳ ሲወጡ ቀረች። ኪዳነወልድም ቀረ። ደም የሚፈራው ሰው አሻንጉሊቱ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ጉንጩን ፊኛው ጫፍ ላይ ወዳለው ጭምብል አስጠግቶ «እዚህ ጋ ነው የሚያመልጠው፣ በአገጩ በኩል፣ ይሰማኛል» ይላት ጀመር። ጭምብሉን ዝቅ አደረገችው። ሁለት ጣቷን ከላይ፣ ሦስቱን ከመንጋጋው ሥር አዋለች። አንገቱን አበባ ሊያሸት አፍንጫውን ያቀና ሰው ያህል ብቻ ቀና አደረገችው። ጨመቀች። የአሻንጉሊቱ ደረት ከፍ አለ። ለቀቀች፤ ዝቅ አለ። ጨመቀች፤ ከፍ አለ። ኪዳነወልድ «ተነፈሰ!» ብሎ ጮኸ፤ ባዶው አዳራሽ አስተጋባ። ታንጉ ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነበር? የጣት አቀማመጥ ነበር? ከጭምብሉ ጀርባ የነበረው የልጁ ፊት መጣባትና፣ ፊኛውን ሳታስቀምጥ፣ ኪዳነወልድ ፊት አለቀሰች። እሱም ዞር አላለም።

ከሰዓት በኋላ ደጋግማ ሠራችው። እጇ በመጨረሻ ለመደ። ሥልጠናው ሲያበቃ ነሲባ የአሻንጉሊቶቹን ውሃ እያፈሰሰች ሳለ ታንጉ ቀረበቻትና ያን ቀን የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። የማን ልጅ እንደነበረም አልደበቀችም። «ልቡ ይመታ ነበር» አለች። «እንደዛሬው ባደርግ ይተርፍ ነበር?» ነሲባ በእጇ የነበረውን አሻንጉሊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወጣት ናት፤ ማጽናናት የሚቀናት ዕድሜ ላይ ናት። «እትዬ፣ ዕድሜን የሚያውቀው አላህ ነው» አለች። «እርግጠኛ ሆኜ ልነግርዎ አልችልም። ግን ልቡ እየመታ ትንፋሽ ያጣ ልጅ፣ በደንብ አየር ካገኘ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይተነፍሳል። ምናልባት ይተርፍ ነበር።» ታንጉ ራሷን ነቀነቀች። ስላልዋሸቻት አመሰገነቻት፤ ከልቧ ነበር።

ወደ ወንድሟ ቤት በእግሯ ተመለሰች። ብርዱ ከዋናው መንገድ ማዶ እየነፈሰ ነበር፤ የደሴ መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ያልፋሉ፤ የቆሎ ነጋዴዎች ስኒያቸውን እያነሡ ይጣራሉ። ለመጀመሪያው ጥያቄዋ መልስ አግኝታለች። አሁን መልሱን ምን ታድርገው? ማንም አልጠየቃትም። ነገ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፍራ ብትመለስ፣ «የእግዜር ሥራ ነው» እንደተባለ ይኖራል፤ ቤተሰብም ቤተሰብ ሆኖ ይቀጥላል፤ እሷም የተማረችውን ይዛ የሌላ ሴት ልጅ ታድናለች። ይህ በቂ አይደለም? ለብዙ ሰው በቂ ነው። ታንጉ ለራሷ እንዲህ እያለች መጣች፤ የግቢውን በር ስትገፋ ግን አዲስዓለም ልብስ ከገመድ ላይ እያወረደች ነበር። ልጅቷ ሸሚዙን ክንዷ ላይ አጥፋ ጣለችና፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ከሰላምታ ሌላ ነገር ተናገረቻት።

«ምን ተማርሽ?»

ታንጉ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አዲስዬ» አለች፤ «ልጅሽ ሲወለድ ልቡ ይመታ ነበር። በጣቴ ይዤው ነበር። የጎደለው አየር ብቻ ነው። አየሩን መስጠት የኔ ሥራ ነበር፤ አላወቅሁበትም። ዛሬ የተማርኩትን ያኔ ባውቅ ኖሮ ምናልባት ይተርፍልሽ ነበር። ምናልባት የምልሽ ራሴን ላድን ብዬ አይደለም፤ እውነቱ እስከዚያ ድረስ ስለሆነ ነው።»

ታንጉ ስድብ ጠበቀች፤ ዝግጁ ነበረች። ልጅቷ ግን የተናገረችው ሌላ ነበር።

«ታዲያ መንገዱ አይደለም?»

«የምን መንገድ?»

«ወዳንቺጋ የሚወስደው። ያን ሰሞን ተቆፋፍሮ አልነበር? እማዬ 'በመጨረሻው ወርሽ መኪና ያንገጫግጭሻል፣ ልጁን ትጎጂዋለሽ፣ እዚሁ ውለጂ' ብላኝ ነበር። እንቢ ብዬ ሄድኩ። ከተመለስኩ በኋላ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። አንድም ቀን፣ እትዬ! ባየችኝ ቁጥር ግን ልትለው የተወችው እሱን ይመስለኛል።» ክንዷ ላይ ያለውን ሸሚዝ ጨበጠች። «እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ ነበር እኮ።»

ታንጉ ግድግዳውን ያዘች። ያ ሁሉ ዝምታ በሷ ላይ የተከመረ መስሏት ሲያቃጥላት ከርሟል፤ ልጅቷ ደግሞ ብቻዋን ከሥሩ ተኝታ ነበር። «መንገዱ አይደለም» አለች። «ስሚኝ፣ ልጄ። መንገዱን ልጅሽ በደህና ነው ያለፈው። እኔጋ ደርሰሽ፣ ምጥሽን ሁሉ ጨርሰሽ፣ እስኪወጣ ድረስ በየመሐሉ ልቡን አዳምጠው ነበር፤ ጤነኛ ነበር። አንቺ ደህና አድርገሽ አምጥተሽ ሰጥተሽኛል። መንገዱ አይደለም፣ አንቺም አይደለሽም።»

አዲስዓለም ያወረደችውን ልብስ ሁሉ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ታንጉ ልታቅፋት እጇን ዘርግታ፣ መብት ያላት ስላልመሰላት መልሳ ሰበሰበችው። ልጅቷ ለቅሶዋን ስትጨርስ ቀና ብላ አየቻት፤ ይቅር ያለችም ያላለችም አይመስልም።

«ለእማዬም ትነግሪልኛለሽ?» አለች።

ወደ ሰናይት መሄድ ታንጉ በዚህ ዓለም ከምትፈራው ነገር ሁሉ የባሰው ነበር። «አሁኑኑ» አለች።

ሰናይት ማድቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ታንጉ «ቁጭ በይ እንጂ እትዬ» ስትባል አልተቀመጠችም። ቆማ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ልጁን በእግሩ ዘቅዝቃ የያዘችበትን፣ አየሩ በጉንጩ ያመለጠበትን፣ የልቡን ምት፣ ዛሬ አሠልጣኟ ያለቻትን፣ መንገዱ ምንም እንዳላደረገ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ቢላዋው ከመሐል ቆሞ ነበር። ታንጉ ስትጨርስ ሰናይት ወደሷ አልዞረችም። በሩ ላይ፣ ልብሱን እንዳቀፈች የቆመችውን ልጇን ስታይ ቆየችና፣ ቢላዋውን አስቀምጣ፣ ሽንኩርት የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣

«ነይ» አለቻት።